ጠላ ቤቱም ቤት ነበር

ካዛንቺስን በአስፋልቱ ብቻ የሚያውቅ ሰው ሰፈሩን አላየውም። አስፋልቱ የሆቴሉ፣ የባንኩና የታክሲ ወረፋው ነበር። ሰፈር የሚባለው ከመናኸሪያው ጀርባና ወደ ኡራኤል በሚያወርዱት የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ነበር የሚጀምረው፤ የጭቃ ግድግዳ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ በሩ በቀጥታ ኮረኮንቹ ላይ የሚከፈት፣ ደጃፉ ላይ የከሰል ምድጃ የማይጠፋበት።

እኛ ባደግንበት መንገድ ጥቂት በር በተራመዱ ቁጥር አንድ መጠጥ ቤት ይገኛል። እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ ከታየ ጠላ አለ ማለት ነው፤ ቀይ አምፖል ከበራ ቢራ፤ ማሲንቆ ከተሰማ አዝማሪ። ሦስቱም ግን ከኋላቸው መኖሪያ ነበራቸው። ጠጪው የሚቀመጠው የፊት ክፍል ውስጥ ነው፤ መጋረጃው ገለጥ ሲል አልጋ፣ ቁምሳጥን፣ ጋቢ ለብሳ የተኛች አያት፣ በኩራዝ ወይም በአምፖል የሚያጠና ልጅ ይታያል። ስለዚያ መንገድ የሚናፍቀኝ ብዙ ነው። ከሁሉ በላይ የማስበው ግን ይህንን ነው፤ ሰው የሚጠጣበት ቤት ሰው የሚኖርበት ቤት ነበር።

ካዛንቺስ ከጥንቱም የቤት ሰፈር ነው። ስሙንም ያገኘው ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው መኖሪያዎች ነው። ከነጻነት በኋላም ቢሮና እንግዳ አልተለየውም። በ1950 የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ፤ በ1953 አርቱሮ መዜዲሚ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ እዚያው አፍንጫችን ሥር ተመረቀ። በላይ በኩል ባለሥልጣንና ዲፕሎማት ሲገባ፣ በታች በኩል ሹፌሩ፣ ዘበኛው፣ ተላላኪውና ወጥ ቤቷ ቤት ይፈልጋሉ። ደመወዝተኛ ባለበት ደግሞ ጠማቂ አይጠፋም።

ይህንን ኑሮ ያጸናው የ1967ቱ አዋጅ ነው። ሐምሌ 19 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበረ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ኪራያቸውም ተቀነሰ። ከዚያ በኋላ ኪራዩ ለአሥርት ዓመታት እምብዛም ሳይነቃነቅ ቆየ። ባል የሞተባት ሴት የፊት ክፍሏን ጠላ ቤት አድርጋ በኋላ ክፍል ልጆቿን ማሳደግ የቻለችው በዚህ ነው፤ ማታ ማታ ጥቂት ሰው ብቻ ቢገባላትም ቤቷ አይዘጋም። ቀበሌው በዚያ ሳንቲም ቤት ማደስ ስለማይችል ግን ጣሪያው ሲያፈስ በላስቲክ ይሸፈናል፣ ንፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ይጫንበታል፣ ግድግዳው ሲዘም በባላ ይደገፋል። ያኖረን ርካሽ ኪራይ ቤቱን ቀስ በቀስ አፈረሰው።

መንገዳችን ላይ ስመ ጥር ጠማቂ ሁላችንም እቴቴ የምንላት ሴት ነበረች። ጠላዋ የሚጀምረው ከጋኑ ነው። በግራዋ ፈትጋ ታጥበዋለች፤ ከዚያ ወይራ አጭሳ አፉን ትደፋበታለች። ጭሱ በቆርቆሮው ሥር ሾልኮ ሲወጣ ቅዳሜ ጠላ እንደሚኖር የመንገዱ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ብቅሉ ሰሌን ላይ ሲሰጣ ዶሮ መከልከል የእኛ ሥራ ነው፤ ጌሾ የሚወቅጠው ጉልበት የጠናለት ታላቅ ወንድም ነው። ጥንስሱ ተጥሎ፣ ቂጣው ተቆርሶ፣ እንኩሮው ገብቶ ድፍድፉ መብላላት ሲጀምር ጆሯችንን ጋኑ ላይ ለጥፈን እናዳምጣለን። «ተዉት ልጆች፣ ይረፍበት!» ትለናለች፤ እኛም ለአፍታ ሸሽተን እንመለሳለን።

የፊት ክፍሏ ግድግዳ በጋዜጣ የተለበጠ ነበር። ሁለት ረጃጅም አግዳሚዎች፣ ጥግ ላይ የእመቤታችን ሥዕል፣ ሥዕሉ ሥር ትንሽ ሬዲዮ። ከበሩ ጀርባ የዱቤ መዝገቧ አለ፤ በጠመኔ የተሰመረ ሰረዝ ብቻ። ስም የለውም። ፊደል ባትቆጥርም የትኛው ሰረዝ የማን እንደሆነ አትስትም ነበር፤ ባለዕዳውም ተከራክሯት አያውቅም።

ደመወዝ በወጣ ማታ የሚሆነውን አሁንም እንደ ትናንት አየዋለሁ። ሚስቶቹ በቀን ይመጣሉ። ቡና ተጠጥቶ፣ የልጅና የገበያው ወሬ ተወርቶ ሲያበቃ፣ በሩ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እቴቴ፣ የዛሬውን አደራ» ይሏታል። ማታ ባልየው ገብቶ ሁለተኛ ጣሳ ሲያዝ እሷ ፊት ለፊቱ አግዳሚው ላይ ቁጭ ትላለች።

«በል አስቤዛውን አምጣ።»

«ቆይ እንጂ እቴቴ፣ ገና መግባቴ ነው!»

«ስትወጣ አንተም አትገኝም፣ ብሩም አይገኝም። አምጣ።»

ጎኑ ያሉት ይስቃሉ፤ ሰውየው ይኮሳተራል፤ ኋላ ግን ኪሱ ይገባል። ብሩ በመቀነቷ ጫፍ ተቋጥሮ ያድርና ማለዳ ልጅ ይላክበታል። እኔም ተልኬ አውቃለሁ። ጌሾ ጌሾ የሚል ብር በመዳፌ ጨብጬ፣ የሰውየው ሚስት በሩን ከፍታ ስትቀበለኝ ምንም አትለኝም፤ ራሴን ዳሰስ አድርጋ ቂጣ ትቆርስልኛለች።

እቴቴ ይህን የምታደርገው ንግድ ስለማታውቅ አልነበረም፤ አሳምራ ታውቃለች። ከሰውየው ሚስት ጋር ግን ውኃ የምትቀዳው ከአንድ ቦኖ ነው። በአንድ ዕድር ናቸው፤ ስትሞት ንፍሮ የምትቀቅልላት፣ ድንኳን ውስጥ የምታለቅስላት ያቺው ሴት ናት። ጠጪዋን አራቁታ ብትሰደው ጠዋት ቦኖው ላይ የምትገጥመው ፊት አለ። ያ ፊት ከፖሊስም ከቀበሌም በላይ መንገዱን ይጠብቅ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ይህ ዝምድና ይበልጥ ጠበቀ። ትልልቆቹ ሆቴሎች ሙዚቀኛውንና ታዳሚውን አንድ ላይ ቆልፈው እስኪነጋ ያስጨፍሩ ነበር፤ እቴቴ ቤት የዘገየ ሰው ግን የሚያድረው አግዳሚው ላይ ነው። እሷ ጋቢ ታለብሰዋለች፤ ልጆቿም ጠዋት ለትምህርት ሲወጡ ተራምደውት ያልፋሉ። ጋሼ እያልን የምናከብረው የመሥሪያ ቤት ሹፌር ቤቱ ቅርብ ሆኖ ሳለ እያወቀ የሚዘገይ ይመስለኝ ነበር። ሰው የሌለው ብቸኛ ነበር፤ ጠዋት ከልጆቹ ጋር ዳቦና ሻይ ይቀርብለታል።

በ1983 ደርግ ከወደቀ በኋላ መንገዱ ሌላ ነፍስ ዘራ። ሌሊቱ ተፈታ፤ አዝማሪ ቤቶች ተበራከቱ። ማሲንቆ መቺው ስምህንና ሥራህን ከጎንህ ካለው ሰው ጠይቆ ግጥም ያወርድብሃል፤ ሽልማቱን ግንባሩ ላይ ትለጥፋለህ። በ1984 ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ ያየኋት ከመንገዱ ማዶ ባለው ቡና ቤት ቴሌቪዥን ነው። እኛ ልጆቹ በሩ ላይ ተደራርበን፣ የቤቱ እመቤት ሕፃን ልጇን አቅፋ፣ ጠጪዎቹ ወንበር ላይ ቆመው። ደራርቱ ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን ጠብቃ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሮጡ፣ ከውጭ የሚያልፈውም ሰው ሁሉ ገባ። ያን ሌሊት ማን ደንበኛ ማን ጎረቤት እንደሆነ የለየ አልነበረም።

ከእነዚያ አዝማሪ ቤቶች አንዱ ፈንድቃ ነበር። መላኩ በላይ ለዓመታት በሽልማት ብቻ ሲጨፍርበት የኖረውን ቤት ኋላ ራሱ ተረክቦ የባህል ማዕከል አደረገው፤ እስክስታውንም ይዞ ዓለምን ዞረ። ሌላው የሌሊት ሰፈር ውቤ በረሃ ስብሐት ገብረእግዚአብሔር ነበረለትና በ«ሌቱም አይነጋልኝ» ልቦለዱ ተርፏል። የካዛንቺስ ጓሮዎች እንዲያ ያለ ጸሐፊ ባያገኙም ጨፋሪ አግኝተዋል፤ በዚህ እጽናናለሁ።

ስናፍቀው ግን የነበረውን ሁሉ ማሳመር አልፈልግም። ያ መንገድ ያቆሰላቸው አሉ። ከገጠር መጥተው ቀይ አምፖሉ ሥር የቆሙት ልጃገረዶች የእኛን ያህል አልሳቁም፤ ከመጋረጃው ወዲያ የነበረው አልጋ ለእነሱ ማረፊያ አልነበረም። ብዙ ቤተሰብ አንድ ሽንት ቤት ይጋራ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ፍሳሹ ደጃፍ ላይ ይተኛል። እናቴ በዝናብ ሌሊት ባልዲ ስታቀያይር ማደሯን አልረሳም። ንጹሕ ውኃና የማያፈስ ጣሪያ የተመኘ ሰው ትክክል ነበር፤ እኛም ተመኝተናል።

ለውጡ በአንድ ቀን አልመጣም። በ1986 የሊዝ አዋጅ ሲወጣ መሃል ከተማ ላይ ያለ መሬት ዋጋ ወጣለት፤ የቀበሌ ቤቶቹ የተቀመጡበት መሬት ከቤቶቹ ይልቅ ተፈላጊ ሆነ። ከአስፋልቱ ዳር ጀምሮ ሆቴልና ፎቅ ወደ ውስጥ ገፋ። መጀመሪያ ጥጉ ላይ ያለው ቡና ቤት ግሮሰሪ ተባለ፤ ቀጥሎ ግድግዳው ፈርሶ መስታወት ገባለት፤ ድራፍት መጣ፤ መጋረጃው ተነሣ። ከኋላ የነበረው መኝታ ቤት መጋዘን ሆነ። ያን ጊዜ እንደ እድገት ነበር የቆጠርነው። ዛሬ ሳስበው ግን የመንገዱ ነገር ያበቃው ያኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ማፍረሻ ማሽኖች ያገኙት የተጀመረ ሥራ ነበር።

በ2016 የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን ካዳረሰ በኋላ በ2017 የካዛንቺስ ተራ ደረሰ። ፈንድቃም አልቀረለትም። ከጎረቤቶቻችን ብዙዎቹ ተነሥተው ገላን ጉራ የሚባል የከተማ ዳር ሰፈር ገቡ። ዕቃ ሲጫን ሴቶቹ የተላቀሱት በቤቱ አልነበረም፤ «አሁን ማን ያስታምመኛል?» ነበር የሚሉት።

አሁን በዚያ ሳልፍ መንገዱ ሰፊ ነው፤ መብራት አለው፤ ሕፃናት በሰፊው የእግረኛ መንገድ ላይ ብስክሌት ይነዳሉ። ይህ ያስደስተኛል፤ እውነቴን ነው። ከአዲሶቹ ላውንጆች በአንዱም ገብቻለሁ። በሩ ላይ ፍተሻ፣ ውስጡ ዲጄ፣ ጠረጴዛው ላይ ስልክ ተደቅኖ የሚነበብ ሜኑ። ያስተናገደችኝ ልጅ ትሑት ናት፤ ወዴት ትኖሪያለሽ ብዬ ብጠይቃት ለመድረስ ሁለት ታክሲ የሚያስይዝ ሰፈር ጠራችልኝ። «በቴሌብር ነው የሚከፍሉት?» አለችኝ። ፊቷ ላይ ድካም ይታይ ነበር። እሷ ማን እንደሆንኩ የምታውቅበት መንገድ የላትም፤ እኔም ልጇ ታሞባት እንደሆነ የማውቅበት የለኝም። ከበላዩ ያለው አፓርትመንት ደግሞ የራሱ በር፣ የራሱ ጥበቃ አለው። የሚጠጣው የሚኖረውን አያየውም፤ የሚኖረው የሚጠጣውን የሚያውቀው ሌሊት በሚረብሸው ድምፅ ነው። አንዱ ሌላውን የሚጠይቅበት ቦኖ ደግሞ የለም።

ፎቅ መሠራቱን አልቃወምም። ፎቅ የሚነድፉ ሰዎች ግን አንዲት ጠማቂ የምትቀመጥበትን ምድር ቤት ለምን እንደማያስቡ መጠየቅ እፈልጋለሁ። በኮንዶሚኒየሞቹ ምድር ላይ ያሉት ሱቆች የሚሸጡት በጨረታ ነው፤ ጨረታ የሚያሸንፍ ደግሞ ገንዘብ ያለው ነው። የእቴቴ ዓይነት ሴት ከላይ ቤት ቢደርሳት እንኳ ከታች ሥራ አይደርሳትም። መኖሪያውና እንጀራው የተለያዩት እዚህ ላይ ነው፤ ይህ ደግሞ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው።

እቴቴ ሰፈሩ ሳይፈርስ አርፋለች። ልጇ ዕጣ ወጥቶላት የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከገባች ቆየች። መጀመሪያ ወይራ ስታጨስ ጎረቤቶቿ እሳት የተነሣ መስሏቸው በሯን ደብድበው ነበር። አሁን የምታጨሰው ለዕርድና ለልብስ አጠባ በተሠራው የጋራ ቤት ውስጥ ነው፤ ጋን ደረጃ ላይ ማውጣት ስለሚከብድ የምትጠምቀው በፕላስቲክ በርሜል ነው። ጣዕሙ የእናቷን አያህልም፣ እሷም ታውቀዋለች። ሳሎኗ ውስጥ ከሶፋው ጎን አንድ አግዳሚ አስገብታለች። ከገላን ጉራ የሚመጡ ሽማግሌዎች እሑድ ከሰዓት ይቀመጡበታል፤ ልጆቿ እዚያው ጥግ ላይ የቤት ሥራቸውን ይሠራሉ። ጎረቤቷ የሆነች ወጣት ሚስት ባለፈው በሩ ላይ ጠርታት በሹክሹክታ ስታናግራት አየሁ። የእቴቴ ልጅ ተመልሳ ገባችና ከሁሉ ወጣት በሆነው ጠጪ ፊት ለፊት ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«የቤት ኪራዩን አምጣ» አለችው።