ክብ ያልሆነው ቀለበት



በፊዚክስ ትምህርት የክብ እንቅስቃሴ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ የምናሳየው ነገር አለ። ውሃ ያለበትን ባልዲ በእጃችን ይዘን ከራሳችን በላይ በፍጥነት እናዞረዋለን፤ ውሃው አይፈስም። ቀጥለን ሰሌዳው ላይ ክብ እንስልና ሮለር ኮስተርም ሰውን ዘቅዝቆ የሚያዞረው በዚሁ ሕግ ነው እንላለን።

ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪያችን እጇን አወጣች። አሜሪካ ያለች አክስቷ የላከችላትን ፎቶ አይታ ነበር። «ቲቸር፣ ቀለበቱ እኮ ክብ አይደለም። ቁመቱ ከወርዱ ይበልጣል። ለምን?»

ፎቶው ከጎን ስለተነሳ ነው ብለን አለፍናት። ክፍሉ ሳቀ። ልጅቷ ተቀመጠች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም እጇን ማውጣት ተወች።

ነገሩ ከነከነን። አንድ ሌሊት እርሳስና ወረቀት ይዘን ተቀመጥን። ቀለበቱ ፍጹም ክብ ቢሆን፣ ሠረገላው አናቱ ላይ ከሐዲዱ እንዳይላቀቅ የሚበቃውን ትንሹን ፍጥነት ብቻ ይዞ ቢገባ እንኳ፣ ከታች መግቢያው ላይ ተሳፋሪው የክብደቱ ስድስት እጥፍ ይጫነዋል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 360 ኪሎ የሆነ ያህል ይሰማዋል። ክቡን ብናሰፋውም ስድስቱ ስድስት ነው፤ የሚያስፈልገው ፍጥነት አብሮ ያድጋልና። እ.ኤ.አ. በ1895 ኒውዮርክ፣ ኮኒ አይላንድ ውስጥ የተከፈተው «ፍሊፕ ፍላፕ» እንዲህ ያለ ክብ ነበረው፤ ተሳፋሪዎቹም አንገታቸውን ይታመሙ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1976 ካሊፎርኒያ ውስጥ በማጂክ ማውንቴን በተከፈተው «ሬቮሉሽን» ላይ ግን ጀርመናዊው መሐንዲስ ቨርነር ሽቴንግል ክሎቶይድ የሚባለውን መስመር ተጠቀመ። ከታች፣ ፍጥነቱ በሚበረታበት ቦታ፣ ሐዲዱ ሰፋ ብሎ ይታጠፋል፤ ወደ ላይ ሲወጣና ፍጥነቱ ሲቀንስ እጥፋቱ ይጠባል። ጭነቱ በአንድ ጊዜ ዱብ አይልም፤ ቀስ በቀስ ይመጣል። ቁልቁለቱም እንዲሁ ነው። ከ45 ሜትር የወረደ ሠረገላ የአየርና የሐዲድ ሰበቃ ባይኖር በሰዓት 107 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሰውነትን የሚጎዳው ግን ፍጥነቱ ሳይሆን ከታች በድንገት መታጠፉ ነው። ስለዚህ ቁልቁለቱ በረዘመ ቁጥር መታጠፊያው መስፋት አለበት።

ልጅቷ ትክክል ነበረች ማለት ነው።

በልጅነታችን መድረሳ ያስተማሩን ኡስታዝ የማያውቁትን ሲጠየቁ «አላሁ አዕለም፤ ነገ አይቼ እነግራችኋለሁ» ይሉ ነበር። በማግስቱም መልሱን ይዘው ይመጡ ነበር። እኛ ዲግሪ ይዘን ይህችን ቃል ረስተናት ኖሯል።

በማግስቱ ሰሌዳው ላይ አዲሱን መስመር ሳልን። የተሳሳትነው እኛ እንደሆንን፣ እሷ ግን በትክክል እንዳየች ለክፍሉ ሁሉ ተናገርን። ይቅርታም ጠየቅናት። ማንም አልሳቀም።

ትንሽ ዝም አለችና እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ታዲያ ባልዲውን በክብ ስናዞረው እጃችንን ለምን አያመንም?»

ክንዳችን እየጎተተ ስለሚያዞረው ይሆን? ወይስ ባልዲው ቀላል ስለሆነ? ለመመለስ አፋችንን ከፈትን፤ ወዲያው ግን ኡስታዛችን ትዝ አሉን። ነገ አይተን እንደምንነግራት ነገርናት።