ሁለተኛው ጆይስቲክ

ባለፈው ሳምንት የዚህች መጽሔት አዘጋጅ በምግብ አዳራሹ በር ላይ ይዞኝ «ለሚቀጥለው ቍጥር ምን ታመጣልናለህ?» ብሎ ቢጠይቀኝ «ስለ ኮንትራ እጽፋለሁ» አልሁት። እርሱ የታሪክ ተማሪ ስለ ሆነ፣ በኒካራጓ ስለ ነበሩት ሸማቂዎች የምጽፍ መስሎት እጅግ ደስ አለው። «የለም፤ ስለ ጨዋታው ነው፤ በጆይስቲክ ስለሚጫወቱት» ባልሁት ጊዜ ግን ደስታው ወዲያው ጠፋ። «አንተ ሰው፣ በአገር ላይ ስንት ጉዳይ እያለ የልጆች ጨዋታ ይዘህ ትመጣለህን?» አለኝ። እኔም «አንብበህ ከጠላኸው ቅርጫት ውስጥ ጣለው» ብዬው ተለያየን። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ እናንተ ዘንድ ከደረሰ፣ ወይ ወዶታል፣ ወይም ቅርጫቱ ሞልቶበታል ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ መኝታ ክፍል ከምንኖረው ከአራታችን መካከል አንዱ የምሕንድስና ተማሪ ነው። አጎቱ ከአሜሪካ አንድ ጨዋታ በስጦታ ላኩለት፤ ስሙም ኮንትራ ኦፐሬሽን ጋሉጋ ይባላል። የወጣው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ሲሆን፣ ያሳተመው የጃፓኑ ኮናሚ፣ የሠራው ደግሞ በካሊፎርኒያ የሚገኘው ዌይፎርዋርድ የተባለው ድርጅት ነው። ይህ ድርጅት ለሥራው እንግዳ አይደለም፤ በ2007 ኮንትራ 4 የተባለውን የሠራው እርሱ ነው። አዲሱ ግን ተከታይ ክፍል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው የጥንቱ ጨዋታ ራሱ እንደ ገና የተሠራበት ነው። አሮጌውን ቤት አፍርሶ በዚያው መሠረት ላይ አዲስ ቤት ማቆም ማለት ነው። እኔም አራት ምሽት ያህል ስጫወተው ሳለሁ በልቤ የያዝሁት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም የቀድሞው ቤት ሽታ በዚህ አለ ወይ የሚል ነው።

የጥንቱን ለማያውቁ ጥቂት ልንገራቸው። ቢልና ላንስ የሚባሉ ሁለት ወታደሮች ከግራ ወደ ቀኝ እየሮጡ፣ እየዘለሉና እየተኰሱ የጠላት ሠራዊት የያዘውን ምድር ያስለቅቃሉ። ነገሩ ይኸው ነው። ታሪኩ ግን እንደ አገሩ ይለዋወጣል። ጃፓኖች ሲተርኩት ጦርነቱ የሚደረገው እ.ኤ.አ. በ2633፣ ከኒው ዚላንድ አጠገብ ባሉት የጋሉጋ ደሴቶች ነው። የአሜሪካኖቹ መጽሐፈ መመሪያ ያንኑ ጦርነት ወደ ዛሬው ዘመንና ወደ ደቡብ አሜሪካ ጫካ አዛወረው። በአውሮፓ ደግሞ በ1990 ሲሸጥ ሰዎቹ ወጥተው በምትካቸው ሮቦቶች ገቡ፤ ስሙም ፕሮቦተክተር ተባለ። እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች አንድ ተረት ከአገር አገር ሲዞር ስንት መልክ እንደሚያወጣ ለማየት ብዙ መጽሐፍ እናገላብጣለን፤ ለካ ምሳሌው በቢጫ ካሴት ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል!

ቢጫ ካሴት ማለቴ በምክንያት ነው። እኔ ኮንትራን ያወቅሁት በደብረ ማርቆስ፣ ታላቅ ወንድሜ ከጓደኛው በገዛት፣ ከቴሌቪዥን ጋር በምትገጠም ርካሽ መጫወቻ ነው። ካሴቱ እንቢ ሲል አውጥተን እፍ እንልበታለን፤ እንደ ገና ስንሰካው አንዳንድ ጊዜ ይታዘዛል፣ አንዳንድ ጊዜም ያኮርፋል። እናታችን ዜና ልትሰማ እስክትመጣ ድረስ ቴሌቪዥኑ የእኛ ነበር። አንደኛውን ጆይስቲክ ወንድም ጋሼ ይይዛል፤ ገመዱ የተላጠውን ሁለተኛውን እኔ እይዛለሁ። የዚያን ጊዜ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ እርሱ ከእኔ ዘጠኝ ዓመት ይበልጣል።

የጥንቱ ኮንትራ ምሕረት አያውቅም። ለሰው የሚሰጠው ሦስት ነፍስ ብቻ ነው፤ ነፍሲቱም በአንዲት ጥይት ትወጣለች። በጫካው ውስጥ ገና ጥቂት እንደ ሄዳችሁ ድልድዩ ከእግራችሁ በታች ይፈነዳል። አምስት ጥይት በአንድ ጊዜ የሚረጨውን፣ ኤስ የሚል ፊደል ያለበትን መሣሪያ ስታገኙ ንጉሥ የሆናችሁ ይመስላችኋል፤ ከሞታችሁ ግን እርሱም አብሮ ይሄዳል። እንግዲህ ለእንደ እኔ ያለው ልጅ መድኃኒቱ ምሥጢሩ ነበር። ወንድም ጋሼ «ላይ ላይ፣ ታች ታች፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ ቢ፣ ኤ» እያለ፣ ሀ ሁ ካስቈጠሩኝ ከየኔታ ይልቅ ጥብቅ ሆኖ በቃሌ አስጠናኝ። ይህን በርእሱ ገጽ ላይ በትክክል የጫነ ሰው ሦስቱ ነፍስ ሠላሳ ይሆንለታል። ለእርሱ ማን እንደ ነገረው አላውቅም፤ ለዚያም ሰው ሌላ ሰው ነግሮት ይሆናል።

ምሥጢሩን ያበጀው ካዙሂሳ ሃሺሞቶ የሚባል የኮናሚ ሠራተኛ ነበር። በ1986 ግራዲየስ የተባለውን ጨዋታ ለቤት መጫወቻ ሲያዘጋጅ፣ ሥራውን ለመሞከር ጨዋታው ለራሱ እጅግ ስለ ከበደው ይህን መንገድ አስገባ። ሰውዬው በ2020 ዐረፈ። ለራሱ ድካም ያበጃት ማቃለያ እስከ ደብረ ማርቆስ ድረስ መጥታ የስምንት ዓመት ልጅ ሠላሳ ጊዜ እንድታስነሣ መቼ አስቦ ያውቃል!

አሁን ወደ አዲሱ ልመለስ። በመጀመሪያው ምሽት ጓደኛዬ ላፕቶፑን በአልጋዎቹ መካከል ባለችው ጠረጴዛ ላይ አኑሮ ጨዋታውን በከፈተው ጊዜ፣ የጥንቱ የጫካው ዜማ ተለውጦ፣ ግን ሳይጠፋ፣ ሲሰማ ፀጉሬ ቆመ። መነሻው እንደ ጥንቱ ጫካ ነው። ሩጫውና ዝላዩ እጅ ላይ ደኅና ነው፤ እንዲያውም ከጥንቱ ይሻላል። በአየር ላይ ሳሉ ሁለተኛ መዝለል ይቻላል፤ በድንገት መፈትለክም ተጨምሯል። መሣሪያም ሁለት መያዝ ይቻላል፤ አንዱን ፊደል ደግሞ ያገኘ ሰው ያው መሣሪያ ይበረታለታል፤ በጭንቅ ጊዜም መሣሪያውን ሠውቶ ልዩ ኃይል ማውጣት ተፈቅዶለታል። ይህ የመጨረሻው አሳብ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። የሚወዱትን ነገር ይዞ ከመሞትና ሠውቶ ከመዳን አንዱን መምረጥ በጥንቱ ጨዋታ አልነበረም። ያ በአውሮፓ ሰዎቹን ተክቶ የነበረው ፕሮቦተክተርም ዛሬ በስሙ መጥቶ ከሚመረጡት ተዋጊዎች አንዱ ሆኗል።

ያልወደድሁትንም መናገር ይገባኛል። ወታደሮቹ ወሬ ያበዛሉ። የጥንቶቹ ቢልና ላንስ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ዓለምን አድነው ይሄዱ ነበር፤ የዛሬዎቹ ግን በየደረጃው መካከል ቆመው ይነጋገራሉ፤ ንግግራቸውም ያን ያህል የሚጠቅም አይደለም። ሥዕሉም ለእኔ የፕላስቲክ አሻንጉሊት መስሎ ታየኝ። በጥንቱ ውስጥ ፊት የሚባለው ጥቂት ነጠብጣብ ቀለም ብቻ ስለ ነበር ፊቱን የምንሥለው እኛው ነበርን፤ እኔ በበኩሌ ሰማያዊውን ወታደር ሁልጊዜ በወንድም ጋሼ መልክ ነበር የማየው።

ትልቁ ክርክር የተነሣው ግን ስለ ሞት ነው። በአዲሱ ጨዋታ ከተፈለገ ሰው የጤና መለኪያ አለው፤ አንድ ጥይት ቢያገኘው ይቈስላል እንጂ አይሞትም። የጥንቱን ሕግ የሚመርጥም በአንዲት ጥይት መሞት ይችላል። ጓደኛዬ «ሰው እንዲማር ጊዜ ሊሰጠው ይገባል» ብሎ መለኪያውን መረጠ። እኔ «ሰው የሚማረው ሲሞት ነው» ብዬ የጥንቱን መረጥሁ፤ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ሦስት ጊዜ ሞትሁ። ከዚያ በኋላ ድምፄን ዝቅ አድርጌ መለኪያውን እንዲመልስልኝ ለመንሁት። በዚህ ነገር ሠሪዎቹን አመሰግናለሁ፤ ደካማውን አላባረሩም፣ ኩሩውንም አልከለከሉም።

ያ ምሥጢር ግን አሳዘነኝ። በአዲሱ ጨዋታ ውስጥ ተጫዋቹ ባጠራቀመው ነጥብ ልዩ ልዩ ጥቅም የሚገዛበት መደብር አለ። የኮናሚ ምሥጢርም ዋጋ ተለጥፎበት በመደብሩ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። በጥንቱ ጊዜ እኛ ዘንድ ከሰው አፍ ካልሆነ በቀር አይገኝም ነበር፤ ለማግኘት ወንድም፣ ጎረቤት ወይም ጓደኛ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ነጥብ ያለው ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ይገዛዋል። ሠሪዎቹ ለቀልድ እንዳደረጉት ይገባኛል፤ ቢሆንም አልሳቅሁም።

በሁለተኛው ምሽት አንድ ነገር አሰብሁ። ወንድም ጋሼ ወደ ዱባይ ከሄደ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ በአንድ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ታዲያ በኢንተርኔት አማካይነት እርሱ ከዚያ፣ እኔ ከዚህ ሆነን ብንጫወትስ አልሁ። ጓደኛዬ ግን ገጾቹን ሁሉ ከፈታትቶ ራሱን ነቀነቀ። ዋናውን ታሪክ ሁለት ሰው፣ ሌላውን ክፍል እስከ አራት ሰው በአንድነት ይጫወተዋል፤ ዳሩ ግን ሁሉም በአንድ ስክሪን ፊት መቀመጥ አለበት። በኢንተርኔት መገናኛ አላበጁለትም።

ያም ሆኖ በኢሞ ደወልሁለት።

«ወንድም ጋሼ፣ ኮንትራ እንደ ገና ወጣ እኮ!»

«የትኛው ኮንትራ?»

«ላይ ላይ፣ ታች ታች» ስለው ሳቀና ቀሪውን እርሱ ጨረሰው፤ «ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ ቢ፣ ኤ!»

«አብረን እንጫወታለን ብዬ ነበር፤ በሩቅ ሆኖ አይሆንም አሉኝ።»

ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም «ይሻለኛል፤ አንተ እንደ ሆንህ አትጠብቀኝም፤ ፏፏቴው ላይ ትጥለኛለህ» ብሎ ወደ ሥራው ሄደ።

የተናገረው ለቀልድ ነው፤ እኔ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። የጥንቱ ጨዋታ ሦስተኛው ደረጃ ፏፏቴ ነው። መንገዱ ወደ ጎን መሆኑ ቀርቶ ሽቅብ ይሆናል፤ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየዘለሉ መውጣት ነው። ስክሪኑ የሚከተለው ከላይ ያለውን ሰው ነው፤ አንዴ ከወጣ አይወርድም። ከታች የቀረው ሰው ጠላት ሳይነካው፣ ጥይት ሳያገኘው፣ የስክሪኑ ጠርዝ ስላለፈው ብቻ ይሞታል። ወንድም ጋሼ ይህን ያውቅ ስለ ነበር ከእኔ ቀድሞ አይወጣም፤ አንዲት ድንጋይ ላይ ቆሞ በእኔ ላይ የሚመጡትን እየመታ ይጠብቀኛል። እኔ ግን መዝለል የቻልሁ ቀን እንደ ጦጣ ተንጠላጥዬ ወጣሁ። እርሱ ከታች «ቆይ! አንተ ልጅ፣ ቆይ!» ይለኛል፤ እኔ እየሳቅሁ እወጣለሁ፤ እርሱ ይሞታል። የሞተውንም ነፍስ አንድ ቀን አልተቈጣኝም።

በኋላ አባታችን ታመመ። ወንድም ጋሼ በዚያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ጥቂት ትምህርት ጀምሮ ነበር፤ ተወውና ሥራ ያዘ፤ ያም አልበቃ ሲል ባሕር ተሻገረ። የእኔ ደብተር፣ ጫማ፣ ወደዚህም የመጣሁበት የአውቶቡስ ገንዘብ ከእርሱ እጅ የወጣ ነው። እንግዲህ አሁን ከላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ስክሪኑ እኔን ይከተላል። በበዓል አገር ቤት ስገባ ጎረቤቱ «የዩኒቨርሲቲው መጣ» ብሎ የሚነሣው ለእኔ ነው፤ ስለ እርሱ የሚጠየቀው «ገንዘብ ይልካል?» ተብሎ ብቻ ነው።

ወዳጆቼ፣ በዚህ ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለ ወንድም ወይም እኅት የሌለው ስንት ይሆናል? ብዙዎቻችን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ቆመን ወጥተናል፤ ያም ሰው ዛሬ ከስክሪኑ በታች ነው። መውጣታችን ኃጢአት አይደለም፤ ካልወጡ ጨዋታው አይቀጥልም። ነገር ግን ከታች «ቆይ» የሚል ድምፅ ሲሰማ ቆሞ ማየት ከሁላችንም ይጠበቃል። እኔ ከደወልሁለት ስንት ወር ሆኖኝ እንደ ነበር ለመጻፍ አፍራለሁ፤ የደወልሁትም ስለ ጨዋታ ለማውራት ነው።

የቀድሞው ቤት ሽታ በአዲሱ አለ ወይ ላልሁት፣ ግማሹ አለ ብዬ እመልሳለሁ። ሠሪዎቹ በሚችሉት ሁሉ ሥራቸውን ሠርተዋል፤ ጨዋታውም ጊዜ ላለው ሰው መልካም ነው። ፏፏቴም እንዳለበት ከማስታወቂያ ሥዕሉ አይቻለሁ። ከዚያ ሳንደርስ ግን ጨዋታውን አስቁሜአለሁ። ወንድም ጋሼ ለመጪው ፋሲካ ፈቃድ አገኛለሁ ብሏል፤ እስከዚያ ድረስ ማንም ፏፏቴውን እንዳይነካ በክፍላችን ሕግ አወጣሁ።

ጓደኛዬ ሕጉን ሲሰማ «ጨዋታው የማን ሆነና ነው?» ብሎ ጮኸ። ነገሩን ካስረዳሁት በኋላ ግን ጥቂት አሰበና ሁለተኛውን ጆይስቲክ በገመዱ ጠቅልሎ በሣጥኔ ላይ አኖረልኝ። «እስከ ፋሲካ ብቻ ነው፤ አደራ፣ ያኔም ቢሆን ቀድመኸው እንዳትወጣ» አለኝ።