ከቡለን ትልቅ ውሻ ይዞ ለመውጣት

ውጭ አገር ሥራ ያገኘ ሰው ትልቅ ውሻውን ይዞ መሄድ ሲያምረው መጀመሪያ የሚያሳስበው አውሮፕላኑ ነው። ሳጥኑ ስንት በስንት ይሁን? ዋጋው የት ይደርሳል? ጭነት ክፍል ውስጥ ይታፈን ይሆን? ለእነዚህ ሁሉ መልስ አለ። ሳጥኑ ውሻው የሚቆምበት፣ የሚዞርበትና ተዘርግቶ የሚተኛበት ይሁን። እንስሳ የሚጫንበት ክፍል አየሩም ሙቀቱም የተጠበቀ ነው፤ ማደንዘዣ ወግቶ መላክ ግን አይመከርም። ዋጋው ይከብዳል፣ ምክንያቱም የአየር ጭነት በሚይዘው ቦታም ይሰላል። ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 80፣ ቁመቱ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን በተለመደው ስሌት 144 ኪሎ ተብሎ ይታሰባል፤ ውሻው 45 ኪሎ ብቻ ቢመዝንም። ብር ያለው ይህን ይወጣዋል። ብር የማይወጣው ሌላ ነው፦ ውሻው የሚነሳበት አገር። በመተከል ዞን ቡለን ወረዳ ሆኖ ይህን ጉዞ የሚያስብ ሰው ከውሻው ትልቅነት ይልቅ የሚያግደው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ በሽታውን ደግሞ አንድ ተጓዥ ብቻውን አያስወግደውም፣ የወረዳ ሥራ ነው። ልከራከርበት የመጣሁት ይህንን ነው።

ደንቡን እንየው። የአውሮፓ ኅብረት በሽታውን በአጥጋቢ ሁኔታ ይቆጣጠራሉ ብሎ የዘረዘራቸው አገሮች አሉ፤ ኢትዮጵያ ከነሱ ውስጥ የለችም። ስለዚህ ከእኛ አገር የሚሄድ ውሻ በመጀመሪያ ማይክሮ ቺፕ ይቀበርለታል፣ ከዚያ ይከተባል (ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ክትባቱ እንዳልነበረ ይቆጠራል)፣ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደሙ ይቀዳል። ደሙ ኅብረቱ በተቀበለው ላቦራቶሪ ተመርምሮ የመከላከል አቅሙ በሚሊ ሊትር 0.5 ዩኒት ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ከተቀዳበት ቀን አንስቶ ደግሞ ሦስት ወር መጠበቅ ግድ ነው። ሲደመር ዛሬ የተከተበ ውሻ ከአራት ወር በፊት አይገባም። እንግሊዝም በዚሁ መንገድ ነው የምትሄደው። አሜሪካ ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያን ከሚጨምረው የከፍተኛ ሥጋት ዝርዝር ለሚመጣ፣ እዚያው አሜሪካ ላልተከተበ ውሻ ቺፕና የክትባት ማስረጃ ትጠይቃለች፤ ዕድሜውም ስድስት ወር የሞላ መሆን አለበት። የደም ውጤት ከሌለው 28 ቀን ተለይቶ ይቆያል። ቀጣሪ ግን «በሚቀጥለው ወር ና» ነው የሚለው። ሰውየው ቀድሞ ይሄዳል፣ ውሻው ይቀራል። በአውሮፓ ደንብ ባለቤቱና ውሻው በአምስት ቀን ልዩነት ውስጥ ካልተጓዙ ደግሞ ውሻው እንደ ንግድ ዕቃ ነው የሚታየው። ለብዙ ሰው ነገሩ የሚያበቃው እዚህ ጋ ይመስለኛል።

ይህን ደንብ ንቀት ነው የሚሉ አሉ። አይደለም። በሽታው ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ በዓለም በዓመት ወደ 59,000 ሰው ይገድላል ተብሎ ይገመታል፣ ወደ ሰው የሚያስተላልፈውም ከመቶ ዘጠና ዘጠኙን ጊዜ ውሻ ነው። በኢትዮጵያ ግምቱ በዓመት ከ2,700 ሰው በላይ ነው። ለቡለን ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። እዚያ ውሻ ሥራ አለው፤ በቆሎውንና ማሽላውን ከዝንጀሮና ከከርከሮ ይጠብቃል፣ ሌሊት ጅብ ይከላከላል። ሥራው ራሱ ከዱር አውሬ ጋር ያናክሰዋል። በ2013 ዓ.ም. በመተከል በነበረው ጥቃትና መፈናቀል እንደታየው ሰው ቀዬውን ጥሎ ሲሸሽ ውሻ ይዞ አይሸሽም፤ ባለቤት የሌለው ውሻ ደግሞ ማን ይከትበዋል?

«ለመሆኑ ከቡለን ውሻ ይዞ ውጭ አገር የሚሄድ ማን ነው?» የሚለው ተቃውሞ ጠንካራ ነው። እውነት ነው፣ ጥቂት ናቸው። ወደ ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኛነት የምትሄድ ልጅ ውሻ ልውሰድ ብትል ሰሚ አታገኝም፤ ትምህርት ወይም የሙያ ሥራ ያገኘው ነው ሊሞክረው የሚችል። ግን ድንበር ላይ የሚጠየቀው ወረቀት ምን እንደሆነ አስተውሉ። ውሻው በቁጥር ይታወቃል፣ ተከትቧል፣ ክትባቱም ሠርቷል፤ በቃ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለቡለን ሕፃንም የሚያስፈልጉ ናቸው። በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች ወደ አርባ በመቶው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸውና።

«ከዚያ ይልቅ ባለቤት አልባውን ውሻ በመርዝ መግደል ይቀላል» የሚለውም የተለመደ ነው፣ በብዙ ከተሞቻችን ተሞክሯል። ውሻ ሲገደል ግን ቦታው ባዶ አይቀርም፤ ያልተከተበ ቡችላና ከሌላ ሰፈር የመጣ ውሻ ይሞላዋል፣ በመርዙም የተከተበው አብሮ ይሞታል። የበሽታውን ሰንሰለት የሚበጥሰው ከውሾቹ ሰባ በመቶ ያህሉን በየጊዜው መከተብ ነው። ሜክሲኮ በዚህ መንገድ ሄዳ በ2019 እ.ኤ.አ. በውሻ የሚተላለፍ የሰው ሞት ማስቀረቷ በዓለም ጤና ድርጅት የተረጋገጠላት የመጀመሪያዋ አገር ሆነች።

«ሜክሲኮ ሌላ፣ መተከል ሌላ» ለሚል የራሳችንን ታሪክ አነሳለሁ። አያቶቻችን ደስታ የሚሉት የከብት ወረርሽኝ በክፉ ቀን ዘመን የአገሪቱን በሬ ጨርሶ ሕዝቡን ለረሃብ የዳረገ ነው። ዛሬ የለም፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ከመላው ዓለም መጥፋቱ ታውጇል። እዚህ አገር የጠፋው መኪና በማይገባበት በአፋር በረሃ ሳይቀር፣ ከአርብቶ አደሩ መካከል የሠለጠኑ ሰዎች ሙቀት የሚችል ክትባት ተሸክመው እየዞሩ ነው። ልዩነት እንዳለ አልክድም። የእብድ ውሻ ክትባት ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፣ ትልቅ የጥበቃ ውሻም ለማያውቀው ሰው አይያዝም። ነገር ግን የሕፃናት ክትባት የሚቀመጥበት ዓይነት ማቀዝቀዣ ይበቃዋል፤ ውሻውንም የሚመግበው የቤቱ ልጅ ይይዘዋል። ቺፑና የደም ምርመራው የተጓዡ ወጪ ይሁን፣ በዚህ አልከራከርም። ክትባቱና መዝገቡ ግን ወረዳው ከብት በሚያስከትብበት ዘመቻ ውስጥ ቢገባ ብዙ አዲስ ነገር አይጠይቅም።

ውሻውን መውሰድ ሁልጊዜ ይሻላል ለማለትም አይደለም። ሜዳ ላይ አድጎ ሌሊቱን ሲዞር የሚያድር ውሻ በርሊን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቢዘጋበት ማንን እንደሚጠቅም አላውቅም፤ ብዙዎቹን ለዘመድ መተው ነው የሚሻለው ባይ ነኝ። የሚወስድ ግን ሥራው ሳይገኝ፣ ማመልከቻውን በሚያስገባበት ሰሞን ቺፑንና ክትባቱን ይጀምር። በአውሮፓ ደንብ አንዴ የወጣ የደም ውጤት ድጋሚ ክትባቱ እስካልተቋረጠ ድረስ ለውሻው ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ባለቤቱ ቀድሞ ሄዶ ከዓመት በኋላ ሊወስደው ቢመለስም ይሠራል። የድጋሚ ክትባቱ ቀን ካለፈ ግን ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀመራል። አደራውን የተቀበለው ዘመድ ታዲያ ያንን ቀን ሳያሳልፍ ውሻውን የሚያስከትብበት ቦታ እዚያው ቡለን ውስጥ ያስፈልገዋል።