ዝናቡን ሳይሆን ደረቁን ቀን ፍለጋ



ገላን ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ኮብልስቶን ያልደረሰበት ብሎክ የሚኖር ሰው በክረምት ሁለት ጫማ ያስፈልገዋል። አንዱ ከቤት እስከ አስፋልት የሚያደርሰው ቦት ነው። ሌላው ደግሞ በፌስታል ይዞት ወጥቶ ታክሲ ከመሳፈሩ በፊት የሚቀይረው ነው። ቦቱን እስከ ማታ የሚያስቀምጥለት ባለ ሱቅ ካገኘ ዕድለኛ ነው። ከእኛ ግቢ በር እስከ አስፋልቱ ያለችው ዳገት ሰማንያ እርምጃ ብትሆን ነው። ግን ጥቁር አፈር ናት፤ የአቃቂን ጥቁር አፈር የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሦስት ክረምት ሙሉ በብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የአየር ትንበያ የምጽፈው እኔ ነኝ። ሚቲዎሮሎጂ አልተማርኩም፤ ሥራዬ ሞባይል ጥገና ነው።

ነገሩን ያስጀመረው አንድ የነሐሴ ሌሊት ነው። ጎረቤታችንን ምጥ ያዛት። ባጃጁ «አልወርድም» አለ፣ የተጠራው መኪናም አስፋልቱ ላይ ቆሞ ቀረ። አራት ሆነን በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመን አወጣናት። ሁለት ጊዜ ተንሸራትተናል፤ ወንበሩ ግን መሬት አልነካም፣ አልሐምዱሊላህ። ልጅቷ ዛሬ ደረጃ ለደረጃ ትሯሯጣለች። በማግስቱ ግን ከሱብሒ በኋላ የወጣነው ሁሉ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምናወራው፤ «ይቺን መንገድ ምን እናድርጋት?»

አብዛኛው ሰው መልሱ ገንዘብ ማዋጣትና አንድ ሲኖትራክ ቀይ አሸዋ ማስደፋት ይመስለዋል። ከዱከምና ከቢሾፍቱ አካባቢ ኮረብቶች የሚመጣውን ቀዩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ማለቴ ነው። ከእኛ በላይ ያለው ብሎክ በሐምሌ መሐል አስደፍቶ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጭቃው ዋጠው። ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፤ ሲደርቅ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። እርጥብ ሆኖ ሳለ የደፋህበትን ድንጋይ በእግርና በጎማ እየተረገጠ ወደ ታች ይስበዋል። ስለዚህ መንገዱ የሚሠራው አፈሩ ደረቅ ሳለ ነው። መጀመሪያ በጎንና በጎን ቦይ ይቆፈራል። መሐሉ ከፍ ብሎ ውሃው ወደ ቦዩ እንዲወርድ ይስተካከላል። ከዚያ ልል የሆነው የላይኛው አፈር ይነሳና ያረጀ ማዳበሪያ ይነጠፋል፣ ቀይ አሸዋው በላዩ ይደለደላል። ማዳበሪያው ጭቃውና ድንጋዩ እንዳይቀላቀሉ ይለያቸዋል። ይሄ ሁሉ ለእኛ ጉልበት ቢያንስ ሦስት ደረቅ ቀን ይፈልጋል።

ሰኔ ውስጥ ሦስት ተከታታይ ደረቅ ቀን ማግኘት ግን ቀላል አይደለም። ትንበያ የጀመርኩት ለዚህ ነው። መች እንደሚዘንብ ለማወቅ አልነበረም፤ በገላን ክረምት «ነገ ይዘንባል» ማለት ምን ችሎታ ይጠይቃል? አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው የሚወርደው። የምፈልገው ክፍተቱን ነበር።

መሣሪያዬ አንድ ሃይላንድ ነው። አናቱን ቆርጬ ገልብጬ እንደ ማንቆርቆሪያ ከተትኩበት፣ ወጣ ገባ የሆነውን ታች በውሃ ሞላሁትና ከዚያ በላይ ማስመሪያ ለጠፍኩበት። ጣሪያ ላይ አስሬው በየቀኑ ጠዋት 1 ሰዓት እለካለሁ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 300 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ከወረደ 9,000 ሊትር ውሃ ከአንድ ብሎክ ብቻ ወደ መንገዱ ይለቀቃል። ይህን ስሌት ግሩፑ ላይ ከጻፍኩ በኋላ ለቦይ ቁፋሮ ሰው ማስተባበር ቀለለኝ።

ሁለተኛው ዓይን ነው። በክረምት ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይዋ ከ3 ሰዓት ጀምሮ የምታቃጥል ከሆነ ደስ አይበላችሁ። የሞቀው እርጥብ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ እኩለ ቀን ላይ ደመናው እንደ አበባ ጎመን እየተቆለለ ያድጋል፣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ግራጫ ሆኖ የሚውለው ሰማይ ብዙ ጊዜ ካፊያ ብቻ ነው የሚሰጠን። ቁልሉ በጣም ከፍ ካለ በረዶም ሊያመጣ ይችላል። (እኛ ከሰማይ ለሚወርደው ድንጋይ መሳይም፣ ፈረንጆቹ ሀገር እንደ ጥጥ ለሚወርደውም፣ ፍሪጅ ውስጥ ላለውም «በረዶ» ነው የምንለው። እዚህ አጠገባችን ካለው ቱሉ ዲምቱ ጋር ስሙ አንድ የሆነው፣ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው የባሌው ተራራ የትኛውን በረዶ እንደሚያይ የባሌ ልጆች ይንገሩን።)

ሦስተኛው ስልክ ነው፤ የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን ትንበያና የስልክ አፖችን አያለሁ። አፑ «60 በመቶ» ሲል ቀኑን 60 በመቶ ይዘንባል ማለት አይደለም። እንዲህ ካሉ አሥር ቀናት በስድስቱ ይዘንባል ለማለት ነው። አራቱ ደረቅ ናቸው ማለት ነው፤ እኔ የምፈልገው ደግሞ እነሱን ነው።

በብሎካችን ትልቁ ሰው የሆኑት ሐጂ አንድ ቀን ደረጃ ላይ አስቆሙኝ። «ልጄ፣ ዝናብን የሚያወርደው አላህ ነው፤ የሩቁን ሚስጥርም እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። አንተ በየማታው ምንድን ነው የምትጽፈው?»

«ሐጂ፣ እኔ የማየው ሰበቡን ነው። እርስዎስ ጠዋት ጥቁር ደመና ካዩ ጃንጥላ ይዘው አይደል የሚወጡት?»

ሳቁ። «እሱስ ልክ ነህ። ብቻ ኢን ሻአ አላህን አትተዋት» አሉኝ። አልተውኳትም። ሌሊት ከባድ ዝናብ ይመጣል ብዬ ካሰብኩ ከዒሻእ በኋላ ቀድሜ ለእሳቸው እደውላለሁ፤ ለሱብሒ ሲወጡ የሚይዛቸው ሰው እንዲኖር። ዲናችን በዝናባማ ሌሊት ቤት መስገድን እንደፈቀደ ቢያውቁም ሐጂ ከመስጂድ አይቀሩም።

በብርዱ ሀገር ያሉ ዘመዶቻችንም ነገራቸው ተመሳሳይ ነው። እዚያ መንገድ ላይ ጨው የሚበትኑት ጨዋማ ውሃ ቶሎ ስለማይረጋ ነው። በደንብ የሚሠራው ደግሞ በረዶው ከመጣበቁ በፊት ሲበተን ነው፤ ብርዱ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ካለፈ ተራው ጨው አቅም ያጣል። ስለዚህ ሰማዩን የሚያየውና መኪናውን የሚነዳው ቀድመው ይነጋገራሉ። እኛ ዘንድ ጨው የለም፣ አካፋ አለ።

ከራስ በላይ ያለውን ሰማይ ብቻ ማየት ግን አይበቃም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰው የሞተው፣ ከላይ ደጋው ላይ የዘነበው ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ በሆነው በደቻቱ ወርዶ ሰው በተኛበት ስለደረሰ ነው። አቃቂም ከከተማው በታች ነው ያለው። እንጦጦ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ከዋለ፣ እኛ ጋ ጠብ ባይልም ወንዙ ሊሞላ ይችላል። እንዲህ ባለ ቀን ወንዝ ዳር ዘመድ ያላቸው እንዲደውሉ እጽፋለሁ።

መንገድ ላይ ያለን እንቅፋት ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች መሆኑን ከመድረሳ ጀምሮ ሰምተናል። ሲነገር እሾህ ወይም ድንጋይ ነበር በአእምሮዬ የሚመጣው፤ ቦይ መጥረግ እዚያ ውስጥ እንደሚገባ ያሰብኩት አካፋ ከያዝኩ በኋላ ነው።

አምና ሰኔ መጀመሪያ ላይ አራት ደረቅ ቀን አገኘን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ወጣ፤ እናቶች ሻይና ዳቦ አወረዱ። ቀይ አሸዋው እስከ መስከረም ቆየ፣ ባጃጅም ነሐሴን ሙሉ ገባ። የቀረን ጣጣ የቦዩ መጨረሻ ነው። እኛ የጠረግነው ውሃ የሚሄደው ከእኛ በታች ወዳለው ብሎክ መግቢያ ነው፤ ሰዎቹም ቅር ብሏቸዋል፣ እውነታቸውን ነው። ቱቦ ቀብረን ወደ ትልቁ መውረጃ ማገናኘት አለብን። ለዚያ ቢያንስ አምስት ደረቅ ቀን ያስፈልገናል፤ ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ እየፈለግኩ ነው። ከታችኛው ብሎክ ይህን የምታነቡ ካላችሁ ቅዳሜ ከዙህር በኋላ ቦታውን አብረን እንየው፣ ኢን ሻአ አላህ።