ያ ቀይ መስመር

ዛሬ ረዘም ስለሚል ቡና ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

በኢንቦክስ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ። «ቲቸር፣ ሰው ተራራ ፎቶ የሚያነሳው መንገዱ ሲደርቅ ነው፤ እርስዎ ለምን ክረምት ጠብቀው በጭቃ ይወጣሉ?» መልሱ ቀላል ነው። በበጋ ከአርባ ምንጭ ቀና ብላችሁ ወደ ጨንቻ ስታዩ መሃል ላይ ያለው አቧራና ጭስ ነው፤ ተራራው አንድ ሰማያዊ ግድግዳ ይመስላል። በክረምት ግን ዝናቡ አየሩን ያጥበዋል። ጉሙ በየሸለቆው ይተኛና አንዱን ሸንተረር ከሌላው ይለየዋል። በበጋ አንድ የመሰላችሁ ተራራ ስድስት ሰባት ሆኖ ይወጣል።

ዩቲዩብ ላይ ስለ ክረምት ፎቶ የሚያስተምሩት ፈረንጆች የሚያወሩት ስለ በረዶ ነው። እኛ ጋ በረዶ ከጣለ የሚታሰበን የገብሱ ማሳ እንጂ ፎቶ አይደለም። ግን አንድ ትምህርታቸው ለጉምም ይሠራል፦ ካሜራ ነጭ ነገር ሲበዛበት «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ያጨልመዋል፤ ጉሙ አመድ ይመስላል። ስለዚህ ብርሃኑን በአንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ። ሌላው የራሴ ነው። ከአርባ ምንጭ ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች መንገድ ከ1,300 ሜትር አካባቢ ተነስተን 2,700 ሜትር ገደማ እንወጣለን። ስትመለሱ ዶርዜ ላይ የበረደው ካሜራ አርባ ምንጭ ሙቀት ውስጥ ሲገባ ከፍሪጅ እንደወጣ ጠርሙስ ያልበዋል። ፌስታል ውስጥ አስራችሁ በጋቢ ጠቅልሉት፤ ቤት ደርሳችሁም ሁለት ሰዓት አትክፈቱት። አንድ ሌንስ ሻግቶብኝ ነው ይህን የተማርኩት።

ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት ግን ይህን አልነበረም።

በ2014 ሐምሌ ላይ ያነሳሁትን ፎቶ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ከጨንቻ ማዶ ያለ ቁልቁለት ነው። ሁሉም ነገር አረንጓዴ፣ ከላይ ጉም፣ ከመሃል ወደ ታች የሚወርድ አንድ ቀይ መስመር። በዚህ ገጽ ላይ እንደዚያ የተወደደ ፎቶ የለኝም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀዩ መስመር ባይኖር ኖሮ አላወጣውም ነበር። አረንጓዴ ላይ ቀይ ሲያርፍ ዓይን ይይዛል። እኔም ቦታዬን ሁለት ጊዜ ቀይሬ፣ መስመሩን ከፍሬሙ ሲሶ ላይ እንዲያርፍ አድርጌ ነው ያነሳሁት።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ጠዋት ፌስቡክ «ትዝታ» ብሎ ያንን ፎቶ አመጣልኝ። «የክረምታችን ውበት» ብዬ እንደገና ለጠፍኩት። ቀኑ ሰኞ ነበር። የጎፋው ዜና ለእኔ የደረሰኝ ከዚያ በኋላ ነው። ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ። መጀመሪያ አፈሩ ሰዎችን ቀበረ፤ የተቀበሩትን ሊያወጡ የተሰበሰቡትን ደግሞ ሁለተኛው ናዳ ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። እኛና ጎፋ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ አንድ ዞን ነበርን፤ ብዙዎቻችን እዚያ ዘመድ አለን። እንደ ሁሉም ሰው አለቀስኩ፣ እንደ ሁሉም ሰው ሻማ ለጠፍኩ። ፎቶዬ ግን ከሻማው ሥር እዚያው ነበር። ሁለቱ ነገር እንደሚገናኝ ለአፍታ እንኳን አልመጣልኝም።

ረቡዕ ማታ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ጻፈችልኝ።

«ቲቸር እንደምን አሉ? ያ ቀይ መስመር የእኛ ጓሮ ነበር። በ2013 ክረምት ነው የሄደው። ሰው አልሞተብንም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እንሰቱ ግን በሙሉ ሄደ።»

ደጋግሜ አነበብኩት። የፊዚክስ መምህር ነኝ እኮ! ስንት ዓመት ሙሉ ጣውላ አዘንብዬ፣ ላዩ ላይ ድንጋይ አስቀምጬ ስለ ሰበቃ ኃይል ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ጣውላውን ውኃ አርከፍክፌ «አሁንስ ምን ይሆናል?» ብዬ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። እሷም ክፍል ውስጥ ነበረች። ዝናብ የጠገበ አፈር ይከብዳል፣ የሚይዘው ነገር ደግሞ ይላላል፤ ቁልቁለት ላይ ከሆነ ይሄዳል። ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው ነኝ ቁልቁለቱ ላይ ቆሜ ያየሁት ቀለም ብቻ የሆነው።

ወዲያው ፎቶውን አጠፋሁትና ይቅርታ ጻፍኩላት። መልሷ አጭር ነበር፦ «ማጥፋቱ ምን ይጠቅማል? ምን እንደሆነ ይጻፉበት እንጂ።»

ለመስቀል ከአዲስ አበባ ስትመጣ እንድወጣ ጋበዘችኝ። መስቀል ጋሞ ላይ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ሽሮ ሜዳ የሚሸምነው ሁሉ አገሩ ይገባል። ቁርጡ፣ ዳጣው፣ ጭፈራው ይቆየን። በማግስቱ ቦታውን አሳዩኝ። ሣርና ፈርን ለብሷል፤ ካሜራዬን ከቦርሳ አላወጣሁም። እናቷ በጋሞኛ፣ ልጅቷ እያስተረጎመች፣ ነገሩኝ። ከመውረዱ ሁለት ቀን በፊት ከታች ያለው ምንጭ ደፍርሶ ነበር። ከላይ ባሕር ዛፉ አጠገብ መሬቱ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አውጥቶ ነበር። እሳቸው አልወደዱትም፤ ልጆቹን ይዘው ዘመድ ቤት አደሩ። ሌሊት ሄደ። እባካችሁ ቁልቁለት ላይ ቤተሰብ ያላችሁ ይህቺን አንቀጽ ደውላችሁ ንገሩልኝ፦ ምንጭ በድንገት ከደፈረሰ ወይም ከቆመ፣ መሬት ከተሰነጠቀ፣ ዛፍና አጥር ከዘመመ፣ ሌሊቱን እዚያ አትደሩ።

እንሰቱን በተመለከተ፣ ለከተማ ልጆች ልንገር። አንድ እንሰት ለመድረስ አራትም ሰባትም ዓመት፣ ደጋ ላይ ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ጓሮ ውስጥ ትንሹም ትልቁም አብሮ ይቆማል፤ የዘንድሮው፣ የዛሬ ሦስት ዓመቱ፣ የዛሬ ስድስት ዓመቱ። ጓሮው ሄደ ማለት የአንድ ዓመት ምርት ሄደ ማለት አይደለም።

ስመለስ መንገዱ መታጠፊያ ላይ፣ ሁለቱም ሐይቆች የሚታዩበት ቦታ፣ መኪናው ቆመ። ቱሪስቶች «ጫሞ እንዲህ ሆኖ አባያ ለምን ቀላ?» ሲሉኝ «ወንዞች ያመጡት ደቃቅ አፈር ሳይዘቅጥ ስለሚንሳፈፍ» እላለሁ። መልሱ ልክ ነው። ያን ቀን ግን ብዙ ቆየሁ እያየሁት።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። ከ140 ዓመት ገደማ በኋላ ተመራማሪዎች ትግራይ ውስጥ እነዚያኑ ቦታዎች ፈልገው፣ እዚያው ቆመው እንደገና አነሱ። «አገሩ ድሮ ደን ነበር» እየተባለ ያደገ ሰው የማይጠብቀውን ነገር አገኙ፤ ብዙው ቦታ ከድሮው ይልቅ ዛሬ ዛፍ አለው፣ አፈሩም ተጠብቋል። የድሮዎቹ ፎቶ አንሺዎች ይህን አስበው አላነሱም። ዝም ብለው ፊታቸው ያለውን ነው ያነሱት።

ቤት ገብቼ ሃርድ ዲስኬን ከፈትኩ። ያ መታጠፊያ ላይ ስንቴ ቆሜያለሁ! ሦስት ማታ ፈጀብኝ። በመጨረሻ የሐምሌ 2011 አንድ ፎቶ አገኘሁ፤ ጉሙ ደብዛዛ፣ ብርሃኑ የሞተ፣ «የሚጠፋ» ብዬ ምልክት ያደረግኩበት። አስጠግቼ ሳየው ጓሮው አለ። አጥሩ፣ የቤቱ ጣሪያ፣ የእንሰቱ ቅጠል። ሲቀላ ፎቶ ቤት ወስጄ አሳጠብኩት። ተቆርጦ ስለተጎላ እህል እህል ይላል፤ ለኤግዚቢሽን የሚሆን አይደለም።

ጥቅምት ላይ ወሰድኩላቸው። እማማ መጀመሪያ አራቁት፣ ከዚያ ወደ በሩ ወጥተው ብርሃን ላይ አስጠጉት። ከዚያ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ለካ እያንዳንዱ እንሰት ዘሩ ስም አለው፤ አንድ በአንድ ጠሩት። አንዱ ላይ ቆዩ። «ይቺ ለወንድሜ ሠርግ የተያዘች ነበረች» አለች ልጅቷ በስልክ።

ቀጥለው የፎቶውን ታችኛ ጫፍ ነካኩና አንድ ነገር ጠየቁ። ልጅቷ ሳቀች።

«ላሟ የምትታሰርበት የታለች እያሉ ነው።»

ከፍሬሙ ውጪ ነው አልኩ።

«ትንሽ ዝቅ አድርጎ ቢይዘው ምን ነበረበት ይላሉ።»

የ2014ቱን ፎቶ መልሼ ለጥፌዋለሁ፤ ሥሩ ላይ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደፈቀደልኝ ተጽፏል። ከ2006 ጀምሮ ያነሳኋቸው የጨንቻ፣ የዶርዜ፣ የቦንኬና የጉጌ ፎቶዎች እኔ ጋ አሉ፤ አብዛኛው ያላወጣሁት ነው። ከእነዚያ አካባቢ የሆናችሁ፣ የጠፋ ማሳ፣ የተቆረጠ ዛፍ፣ የፈረሰ ቤት ያላችሁ፣ ቦታውንና ዓመቱን በኢንቦክስ ጻፉልኝ፤ እፈልጋለሁ። ቶሎ ካልመለስኩ ኔትወርክ ነው፤ ቅዳሜ መንገዱ ከፈቀደ እወጣለሁ። ዶርዜ ላይ ቡሉኮ የሚያውሰኝ ካለ አስቀድሞ ይንገረኝ፣ ባለፈው ብርዱ አሳይቶኛል።