ቀብድና እርጥብ ዋንዛ

በአዲስ አበባ ብዙ አናጢዎች ሱቅም ሆነ የዕቃ ማሳያ ክፍል የላቸውም። የግቢያቸውን አጥር ተገን አድርገው ቆርቆሮ ያለብሱና ከሥሩ አንድ ወፍራም ጠረጴዛ፣ አንድ ሞርሳና አንድ መላጊያ ያኖራሉ፤ ድርጅቱ ያ ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው አናጢ በኪራይ ቤቱ በረንዳ አልጋ፣ ቁም ሣጥንና ቡፌ በትእዛዝ መሥራት ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። የሱቅ ኪራይ የለበትም፤ ሌላ ኪራይ ግን ይከፍላል። ሳጋቱራው ወጥ ውስጥ ይገባል፤ የቫርኒሹ ሽታ ከሕፃኗ መኝታ አጠገብ ያድራል፤ ሚስቱም ልብስ የምታሰጣው እንጨት በማይፋቅበት ሰዓት ብቻ ነው።

ጎረቤትም አለ። ቀን የጠፋው መብራት ማታ ሲመጣ ማሽኑን ማስነሣት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ሰው ተኝቷል። ከግድግዳው ማዶ ለቅሶ ከተቀመጡ ደግሞ የቱንም ያህል ትእዛዝ ቢቆለል መጋዝ አይጮኽም። ይህን በሒሳብ መዝገብ የሚያሰፍር ነጋዴ ከቶ የለም።

ከሁሉ የሚከፋው ፈተና ግን እንጨቱ ነው። ደንበኛ ዋንዛ ይወዳል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። ከገበሬው ማሳ ዳር ተቆርጦ ገበያ የሚወጣው ውድ ነው፤ ብዙ ጊዜም እርጥብ ነው። እርጥብ ጣውላ ሲደርቅ በቁመቱ እምብዛም አይቀንስም፤ የሚጠበው በወርዱ ነው። በምስማርና በኮላ ጥርቅም ተደርጎ ከታሰረ መሸሻ ስለሚያጣ ይሰነጠቃል። በጥላና በነፋስ ለማድረቅ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ያስፈልጋል። አናጢው ግን እንጨት የሚገዛው ደንበኛ በሚሰጠው ቀብድ ነው፤ ስለዚህ የዛሬ ትእዛዝ የሚሠራው በዛሬ እንጨት ነው። ችሎታ ያለው ሰው ስሙ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው።

አንዲት እናት ለልጃቸው የጥር ሠርግ አልጋ አዘዙ። ለእግሩና ለጠርዙ የሚሆን ደረቅ እንጨት ተገኘ፤ ለራስጌው ሰፊ ጣውላ ግን አልተገኘም። ከቀብዱ የተረፈውም ለትምህርት ቤት ክፍያ ውሏል። በቺፑድ ሠርቶ ዝም ማለት ይችል ነበር።

«እማማ፣ የራስጌው እንጨት አልደረቀልዎትም» አላቸው።

«ሠርጉ እንጨትህን አይጠብቅም፣ ልጄ!»

ጣውላውን በሁሉም ጎኑ ቫርኒሽ ቀባና በጠርዙ ቦይ ውስጥ ያለ ኮላና ያለ ምስማር አስገባው፤ ሲጠብ እንዲንቀሳቀስ። በዳሩ ክፍተት ሊታይ እንደሚችልም አስቀድሞ ነገራቸው። እሳቸውም የዋዛ ሰው አልነበሩምና ከቀሪው ሒሳብ ሩቡን እስከ ፋሲካ ያዙበት። በዚያ ሩብ ውስጥ የወሩ የቤት ኪራይ ነበረ፤ አከራዩን ለምኖ አሳለፈው።

በጋው አልፎ ፋሲካ ሲደርስ አስጠሩት። ጣውላው በግራና በቀኝ የጥፍር ውፍረት ያህል ሸሽቷል፤ ስንጥቅ ግን የለውም። በጣታቸው ዳሰሱት፤ ጥቂት ብር ቀንሰው ከፈሉት። አልተከራከረም።

በገንዘቡ ሁለት ጣውላ ገዛና ከቆርቆሮው ሥር፣ በመካከላቸው ስንጣሪ አድርጎ ነፋስ እንዲገባቸው ደረደራቸው።

«የማን ትእዛዝ ነው?» አለች ሚስቱ፤ ልብስ የምታሰጣበት ገመድ ሊነሣ መሆኑ ገብቷታል።

«የማንም አይደለም፤ ይድረቅ።»