ሬድ ቡልን አሙቃችሁ ቅመሱት

ሬድ ቡል ከፍሪጅ እንደወጣ ሲጠጡት ሌላ፣ ብርጭቆ ውስጥ ተረስቶ ሲሞቅ ሌላ ነው። የቀዝቃዛው ጋዝ አፍንጫ ይቆነጥጣል፣ ኮምጣጣነቱ ምራቅ ያስመጣል፣ የስኳሩ ብዛት እምብዛም አይታወቅም። ግማሹን ብርጭቆ ላይ ቀድታችሁ ለአንድ ሰዓት ያህል ተዉትማ! ጋዙ ወጥቶ የሚቀረው ቢጫ ፈሳሽ የልጆች የሳል ሽሮፕ ነው፤ ማስቲካ ማስቲካ ይሸታል፣ ላንቃ ላይ ተለጥፎ አልለቅ ይላል። እኔ እውነተኛ ጣዕሙ ይሄ ነው ባይ ነኝ። ከአሥር አራት ብሰጠው ነው፣ እሱንም ለቅዝቃዜው።

ሽሮፕነቱ ከዘሩ ነው። ታይላንድ ውስጥ ክራቲንግ ዴንግ የሚባል ጋዝ የሌለው፣ በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጥ ጣፋጭ መጠጥ ነበር፤ የጭነት መኪና ሾፌሮችና የጉልበት ሠራተኞች ይወዱት ነበር። ኦስትሪያዊው ዲትሪክ ማትሺትስ ከመጠጡ ባለቤት ጋር ተሻርኮ፣ ጋዝ ጨምሮበት እ.ኤ.አ. በ1987 አገሩ ገበያ ላይ አወጣው። (ውስጡ ያለው ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ከበሬ ይወጣል የሚባለው ወሬ ጨርሶ ከሜዳ የተነሣ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1827 መጀመሪያ የተገኘው ከበሬ ሐሞት ነበር። ጣሳው ውስጥ ያለው ግን ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ነው።)

ወደ ጉልበቱ እንምጣ። 250 ሚሊ ሊትሩ ጣሳ 80 ሚሊ ግራም ካፌይን አለው፣ አንድ ኩባያ ቡና የሚይዘውን ያህል ማለት ነው። ስኳሩ 27 ግራም ነው፣ ወደ ሰባት የሻይ ማንኪያ ይጠጋል። ነቅተን በቆየን ቁጥር አእምሯችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ነገር ይጠራቀምና «ተኛ» ይለናል። ካፌይን ቦታውን ቀድሞ ይይዝበታል። ድካሙ እዚያው አለ፣ እኛ አንሰማውም እንጂ። ካፌይኑ ሲለቅ የተጠራቀመው ሁሉ አንድ ላይ ይመጣል።

«ታዲያ ከቡና በምን ይብሳል?» ለሚል፦ በአጠጣጡ። ቡናችን ትኩስ ነው፣ መራራ ነው፣ ስኒው ትንሽ ነው፤ አቦል ብሎ በረካ እስኪደርስ ወሬው ራሱ ያዘገየዋል። ጣሳው ግን በሁለት ትንፋሽ ያልቃል፣ ጣፋጭ ስለሆነም ሌላ ያስከፍታል። ግማሽ ሊትር የሚይዙት የሌሎች ብራንዶች ጣሳዎች ደግሞ ብዙዎቹ 160 ሚሊ ግራም ይይዛሉ። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለጤነኛ አዋቂ አያሰጋም የሚለው በአንድ ጊዜ እስከ 200፣ በቀን እስከ 400 ነው። ለልጆች በኪሎ 3 ሚሊ ግራም ይላል፤ 40 ኪሎ የሚመዝን ተማሪ ድርሻው በቀን 120 ብቻ ነው።

ከአልኮል ጋር ለሚቀላቅሉት፦ ስካሩን አይቀንሰውም፣ ያልሰከራችሁ ያስመስላችኋል እንጂ።

ከቀኑ 10 ሰዓት የጠጣችሁት ካፌይን ግማሽ ያህሉ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማም ሰውነታችሁ ውስጥ ነው። ሌሊት የምትነዱ ወንድሞቼ፣ ዓይናችሁ ሲከደን በጣሳው አትመኑ። እባካችሁ መኪናውን ደህና ቦታ አቁሙና ትንሽ ተኙ።